ብርድ ልብስ የለበሰው ቴሌቪዥን

ልጅቷ ከሞተች በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የማቪስ ቤት ቴሌቪዥን ሲከፈት ስክሪኑን ሞልታ ብቅ አለች። ቀይ አሸዋ ላይ ቆማ፣ ፀጉሯን ነፋስ እያነሳው፣ ፍልቅልቅ ብላ «ኑ፣ አገራችንን እናሳያችሁ!» አለች። ማቪስ ጮኸች። ኳስ ሊያዩ የተሰበሰቡት ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የሟቿ አባት ሴልዊን ብቻ ሪሞቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

የሞተ ሰው መልኩ አይታይም፣ ድምፁ አይሰማም፣ ስሙም አይጠራም። እዚያ የበረሃ ሰፈር፣ በአገሬው ነባር ሰዎች ዘንድ፣ ይሄን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። መኪና ተገልብጦባት ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ልጅቷ «ኩማንጃይ»፣ ስሟ የማይጠራ፣ ሆናለች፤ በስም የሚመሳሰሏት ሁለት ሴቶች እንኳ ስማቸውን ጥለው ኩማንጃይ ተብለዋል። ፎቶዎቿን ሰብስበው አርቀዋል፤ ቤቷን በቅጠል ጭስ አጥነው ለቀዋል። ሴልዊን እህቱ ማቪስ ጋ ገብቷል፤ ሚስቱ ዱልሲ ከሰፈሩ ዳር፣ ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ተቀምጣለች። ይሄ ሁሉ የሚደረገው የሞተችው መንገዷን እንድትይዝ፣ የቀሩትም ሐዘናቸው እንዲወጣላቸው ነው። እና ያ እርጉም ዕቃ ገና ሲከፈት ጎትቶ ያመጣታል!

«እኛ ጠራነው?» አለች ማቪስ፣ ብርድ ልብስ እየወረወረችበት። «ኳስ ክፈት ነው ያልነው! ማስታወቂያ አምጣ ማን አለው?»

«የአስጎብኚዎቹ ነው» አለ ሴልዊን ድምፁ ተሰብሮ። «ባለፈው ዓመት የቀረጿት። እኔ ነኝ የፈረምኩት፣ እትዬ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ያኔ ሁላችንም ጨፍረን የለ እንዴ። ይልቅ ኢንተርኔቱን ንቀልበት።»

ነቀለ። ከፈተው፤ አሁንም እሷው ናት። የሰፈሩ ሱቅ ኃላፊ ክሬግ ሲጠየቅ ራሱን እያከከ፣ ቴሌቪዥኑ የመጨረሻውን ማስታወቂያ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ቢነቅሉትም ያንኑ ይደጋግማል አለ። መንቀሉ ካላገላገለኝ ብሎ ሴልዊን ኢንተርኔቱን መልሶ ሰካው። ደግሞ መዓቱ የአንድ ቤት ብቻ ቢሆን! ክሬግ በአንድ የጭነት መኪና ያስመጣቸው ናቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት ያው ቴሌቪዥን ነው ያለው።

ሰዉ እስኪለመን አልጠበቀም። በማግስቱ በየቤቱ ቴሌቪዥኑ ብርድ ልብስ ለብሶ አደረ። የሰፈሩ ልጆች የሚሞቱለት ቡድን ለዋንጫ ደርሶ ሳለ አንድም ሰው ጨዋታውን አላየም። ከማቪስ ጓሮ ወገቡ የሰፋ አሮጌ ቴሌቪዥንና የዲስክ ማጫወቻ ወጣ፤ የነበረው አንድ የካውቦይ ፊልም ብቻ ነው። «ይሄ ሰውዬ ዛሬም እዚያችው ድንጋይ ሥር ሊሞት ነው?» ብሎ አንዱ ቀለደ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሴልዊን ግን ሰፈሩን በሙሉ በእኔ ፊርማ አስቸገርኩ እያለ ይንገበገባል። ከዚያም በላይ የሚያስፈራው የዱልሲ ነገር ነው። ጭንቅላቷን ተላጭታ፣ ነጭ የሸክላ ጭቃ ተቀብታ፣ እንደ ወጉ አንደበቷን ዘግታ የምታወራው በእጇ ምልክት ብቻ ነው። ድንገት አንድ ቤት ገብታ ልጇን ስትስቅ ብታያት ልቧ ይቆማል፣ እሷንም አጣለሁ አለ። ስለዚህ ሱቁ ቢሮ ሄዶ ስልክ ያዘ።

አስጎብኚዎቹ ወደ ቴሌቪዥን ሠሪዎቹ ላኩት፤ ሠሪዎቹ ማስታወቂያ ወደሚያሠራጩት። እዚያ አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት አነሳች።

«ጥሪው ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀረጻል። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሰው ሙሉ ስም ማን ነው?»

«ልጄ ናት። ሞታለች።»

«በጣም አዝናለሁ። ሙሉ ስሟን ቢነግሩኝ?»

«አይጠራም።»

«እንዴት... አልገባኝም ጌታዬ።»

«ሞታለች እያልኩሽ! አይጠራም!»

ክሬግ ስልኩን ተቀብሎ «እኔ ልንገርሽ» አለ። ወላጅ ነህ ወይ አለችው። አይደለሁም። እንግዲያው አይሆንም፤ ከወላጅ አንደበት መቀረጽ አለበት። በጽሑፍ ከሆነ ቅጹ ተሞልቶ፣ ፎቶዋ ተያይዞ ይላካል፤ መልሱ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሴልዊን ስልኩን ነጥቆ ዘጋው። በማግስቱም ደወለ፤ እዚያችው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን ክሬግን ከቢሮው አስወጣው፣ በሩን ቆለፈ፣ መስኮቱን ዘጋ። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በሹክሹክታ፣ የልጁን ስም ጠራ። ስሟን ያወጣላት እሱ ነበር።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ድምፅዎ አይሰማም። ጮክ ብለው ቢደግሙልኝ?»

ጮክ ብሎ ደገመው።

«አመሰግናለሁ። ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው?»

ቀስ ብሎ ጠራት። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ በዚያኛው ጫፍ ሴትዮዋ ትጽፋለች።

«ጨርሰናል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሁሉም ስክሪኖች ላይ ትነሳለች። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ሌላማ ምን ይኖራል! ሴልዊን ደጅ ወጥቶ ሰዓቱ እስኪሞላ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሕጉን አፍርሷል፤ ቅጣቱን ይቀበላል። ቢያንስ ዱልሲን አድኛለሁ አለ፣ ደጋግሞ አለ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ማቪስ ቤት አዘገመ። ቀትር ነው፤ እንደየቀኑ ሰዉ ሁሉ ለቅሶው ቦታ ነው። በሩ ግን ገርበብ ብሏል።

ዱልሲ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሱ ጭኗ ላይ ተጣጥፏል፣ ሪሞቱ በእጇ ነው። ቴሌቪዥኑን ዘጋችው፣ ከፈተችው። አንዲት ሴት አዲስ ሶፋ ላይ ተንጋላ ሳቀች። ዘጋችው፣ ከፈተችው። ያችው ሴት፣ ያው ሶፋ። ዱልሲ ፈጥና ፈጥና ትጫናለች። ሴልዊን ቀረብ ብሎ ሲያይ ሪሞቱ ላይ ከጣቶቿ የቀረ ነጭ ሸክላ ደርቆ፣ በላዩ ላይ ሌላ ደርቆ፣ ተነባብሯል። የአንድ ቀን አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ ፊቱን ሲያዞር እናቲቱ በየቀኑ እየመጣች ልጇን ታይ ነበር።

ዞር ብላ አየችው። ሸክላው ላይ እንባዋ መንገድ አውጥቷል። ከንፈሯ አልተከፈተም፤ እጇን ብቻ አንስታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ መዳፏን ገለበጠች። የት ሄደች?

ዱልሲ እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ፊቷን መልሳ ሪሞቱን ተጫነች።