ያለሰዓቱ የሚጮኸው ደወል

አዳዳ የምላት አክስቴ ዋጋነሽ ኮልፌ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ድፎ ስትጋግር የምድጃዋ ሰዓት አፍንጫዋ ነበር። ዳቦው ሲደርስ ይሸታታል፣ ታወጣዋለች፣ አለቀ። አምና የያዛት ከባድ ጉንፋን ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እኔም ፕሮግራም መጻፍ ተምሬያለሁ ብዬ ጉራዬን ነዝቼ፣ አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ሠራሁላት። ድፎውን አስገብታ «ጀምር»ን ትጫናለች፣ በሃምሳ ደቂቃው ደወል ይጮኻል።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለች። «ሌሊሴ፣ ያንቺ ነገር አብዷል! አሁን ያስገባሁትን አውጪ ይለኛል። ሳወጣው ሊጥ ነው!»

ከአስኮ በታክሲ በረርኩ። ኮዱን ባገላብጠው ምንም አላገኘሁም። በመጨረሻ ዝም ብዬ እሷን ማየት ጀመርኩ። ደንበኛ ብቅ ሲል የፕሮግራሙን መስኮት ጥርቅም! ሰውየው ሲሄድ መልሳ ከፈተችና «ጀምር»ን ተጫነች።

«አዳዳ፣ ለምንድን ነው የምትዘጊው?»

«እንዴ! ሰው መጥቶብኝ ኮምፒውተር ላይ ላፍጥጥ? ነውር አይደል እንዴ?»

ሳቄ መጣ። እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት እንግዳ ሲገባ ቴሌቪዥንም ይጠፋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መስኮቱ ሲዘጋ ቆጣሪው እንዲቆም አላዘዝኩትም፤ ተደብቆ ይቆጥራል። ስትከፍተው ደግሞ ሌላ ይነሳል። የመጀመሪያው ቆጣሪ ድፎውን በሰዓቱ ያስወጣል፤ ትርፉ ግን ቀጥሎ በገባው ድፎ ላይ ይጮኻል።

ይሄማ ቀላል ነው ብዬ፣ መስኮቱ ሲዘጋ ቆጣሪውም እንዲቆም አደረግኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት መጣች፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ወሬው ደራ፣ ደወሉ ጭጭ አለ። ጎረቤቲቱ «ዋጌ፣ ምን ይቃጠላል?» እስክትል ድረስ አዳዳ አላወቀችም።

ማታ ስትደውል ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ነገ ለደንበኛዬ ለሔለን ልጅ ክርስትና ድፎ ታዝዣለሁ። እሱን ካበላሸሁ ዳቦ ቤቱን እዘጋለሁ።» አንጀቴን በላችው።

አዳዳን እንግዳ ፊት እንድታፈጥ ከማስተማር ፕሮግራሙን ጨዋነት ማስተማር ይቀላል። መስኮቱ እንደፈለገ ይዘጋ፤ አንዱ ቆጣሪ ከኋላ መቁጠሩን አያቋርጥ። ሲከፈት ያንኑ ያሳይ፣ ሌላ አይጨምር። የሚቆመው ደወሉ ጮኾ «ወጣ»ን ስትጫን ብቻ ይሁን።

በማግስቱ በጠዋት ሄጄ እንዲሁ አድርጌ አስተካከልኩት። ድፎው ምድጃ ውስጥ እያለ የሔለን አባት ጋሽ ጉልላት ሊወስዱ መጡ። አዳዳ ብድግ ብላ መስኮቱን ጥርቅም! ወንበር ሰጠቻቸው። ጨዋታቸው ደራ። እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ነው።

ደወሉ ጮኸ።

«ዋጌ፣ ስልክሽ ይጮኻል» አሉ ጋሽ ጉልላት።

«ይጩህ ጋሼ፣ ድፎዬ ደርሷል» ብላ ተነሳች።

ምድጃውን ስትከፍተው ድፎው ወርቅ መስሏል። ከደስታዬ የተነሳ እንባ እንባ አለኝ። ጋሽ ጉልላት ጠረኑን ሳብ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ አፍንጫ! ስልክ እየጮኸባት እንኳ አትሳሳት!»

አዳዳ ከት ብላ ሳቀች። «እድሜ ይስጥልኝ ለአፍንጫዬ» አለችና፣ ዱቄት በነካው ጣቷ የእኔን አፍንጫ ቆነጠጠችኝ።