የማይገጥም የአባት ስም

እናቲቱ ለተጊዮርጊስ የፈራችው አልቀረም። ልጇ ቤርሳቤህ የሐይቅ ውሃ መበከሉን የሚለይ መሣሪያ ሠርታ፣ ለማሻሻያው ከሰው ገንዘብ የሚያሰባስብላት ድረ ገጽ ስታማርጥ ከርማለች። አንዱ የሚኖሩባትን ኡጋንዳን አይቀበልም። ሌላው የታሰበው ብር ካልሞላ የመጣውንም ይመልሳል። ሦስተኛው ተስማማት፤ ግን ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ስለሆነ የወላጅ መታወቂያ ይላክ አለ። ለተጊዮርጊስም እየፈራች ላከች።

ዛሬ መልሱ መጣ። “የአባት ስማችሁ ስለማይመሳሰል እናትነትዎ አልተረጋገጠም።”

“አንቺ በአባትሽ፣ እኔ በአባቴ እንጠራለን! እንዴት አንድ ይሆናል?”

“እነሱ ዘንድ እናትና ልጅ የሚጠሩት በአንድ የቤተሰብ ስም ነው፣ እማ።”

“አይሆንም ብዬሽ ነበር።”

“መቼ ይሆናል ብለሽ ታውቂያለሽ?”

የእናቷ ስም ያለበት የቤርሳቤህ የልደት ወረቀት አዲስ አበባ ቀርቷል። ለተጊዮርጊስ ነጠላዋን አንስታ ለበሰች።

“ቢሮአቸው የት ነው? ንቲንዳ ሰፈርም ቢሆን በቦዳ ሞተር እንሂድ። መልካችንን አይተው ይፍረዱ።”

“ቢሮ የላቸውም። ስልክም የላቸውም። መልሱን የጻፈው ማሽን ነው።”

እናትየዋ ነጠላዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች። ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ወድቃ ትለምነው ነበር።