የአፈወርቅ ጠበል

የምንጩ ሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮከቤ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ ታልፈው ነበር። ያንገሸገሻት የሰው ነገር ነው። መሐል ሜዳ ከተማ አፍንጫ ያለው ሁሉ ቤንዚን መሆኑን እያወቀ ጣሳውን ይዞ ምንጩ ዳር ይሰለፋል፤ ጠጥቶም «ተመስገን» ይላል።

አውቶቡስ መመላለስ ሲጀምር አፈወርቅ የሚባል ነጋዴ ከምንጩ በላይ ነዳጅ ማደያ ከፍቶ ነበር። ማደያ ከተባለ ነው እንጂ፣ ከጣሊያን የተረፈ ዝገት የበላው ትልቅ የብረት በርሜል መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ በእጅ የሚዘወር ፓምፕ ተከለበት። ክረምቱ እንደወጣ ምንጩ መሽተት ጀመረ፤ በውሃው ላይም ቀስተ ደመና ታየ። የኖኅ ኪዳን ምልክት ነዋ! ጠበል ፈለቀ ተባለ። የጠጣው ሰው ሲያስመልስ ደግሞ «እሰይ፣ በሽታው ወጣለት» ተባለ። ጠበል የጠጣ ማስመለሱ የታወቀ ነው፤ ቤንዚን የጠጣም እንደሚያስመልስ ማን ይናገር?

ከደብረ ብርሃን አንድ የጤና ሰው መጥቶ ነበር። ውሃውን አሽትቶ «አትጠጡ» አለና፣ ቤቷ ለምንጩ ስለሚቀርብ ለኮከቤ ነጭ ጠርሙስ ሰጣት። በየጠዋቱ ቀድታ እንድታስቀምጥ፣ ቤንዚኑ ከላይ ሲንሳፈፍ ውፍረቱን አይታ ሲመለስ እንድትነግረው አዘዛት። እሱ በሄደበት ቀረ። እሷ ግን መቅዳቷን አልተወችም። መጀመሪያ የሚንሳፈፈው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር፤ ጥምቀት ሲያልፍ ጣት ያህል ወፈረ። ያን ጊዜ ጠርሙሱን ይዛ አፈወርቅ ዘንድ ሄደች።

«አቶ አፈወርቅ፣ በርሜልዎ ያፈሳል። ስለ ሥላሴ ብለው ያስወጡት!»

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ፈገግ አለ። «አንቺ ኮከቤ፣ እመቤታችን ያፈለቀችውን እኔ አፈር ልመልስበት?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ኮከቤ ፊቱ ላይ ልትተፋበት ምራቋን ሰበሰበች፤ ከዚያ እያቅለሸለሻት መልሳ ዋጠችው።

ለአገር ተቆርቁራ አይደለም እንዲህ የሆነችው። ታላቅ እህቷ አመተሥላሴ ሆዷን ስለሚያማት፣ ያንኑ ውሃ በየማለዳው በባዶ ሆዷ ትጠጣለች። ኮከቤ እናት አባት የላትም፤ ያለቻት አመተሥላሴ ብቻ ናት። እሷም ከንፈሯ ተላጥቶ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ትንፋሿ መኪና መኪና ይሸታል።

«እታለም፣ ተይው፤ ይገድልሻል» ትላታለች።

«እምነት ቢጎድልሽ ነው» ትላለች አመተሥላሴ፣ አፏን እየጠረገች።

መናገር እንዳላዋጣ ሲገባት፣ ኮከቤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል አለች። የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ሰው ሁሉ ምንጩ ዳር ተሰብስቦ ሳለ፣ ጠርሙሷ ውስጥ ከላይ የተንሳፈፈውን ሳህን ላይ ገልብጣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«ከዚሁ ከምትጠጡት የቀዳሁት ነው!» ብላ ጮኸች። «እስቲ ጠበል ይነድ እንደሆነ እዩት!»

ክብሪት ጫረች። ሳህኑ ቦግ ብሎ ቅንድቧን ለበለባት።

ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። ኮከቤ ደስ አላት፤ ከስንት ወር ወዲህ ያን ቀን ገና ደስ አላት። በዚያ ጸጥታ መካከል መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አፈወርቅ ነው። ነጭ ኩታውን እንደለበሰ በግንባሩ ተደፋና «ሙሴ ያየው ዕፀ ጳጦስ! እመቤቴ፣ ውሃውን አነደድሽው!» አለ። ከማንም በላይ እያወቀ! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ወንዶቹም መሬት ሳሙ። ኮከቤ «ቤንዚን ነው! ቤንዚን ነው እኮ!» እያለች ብትጮህ የሚሰማት አጣች። የገዛ ጩኸቷ እንኳ ለራሷ እልልታ መሰላት።

አመተሥላሴ ከሰልፉ ወጥታ መጣችና ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። እንባዋ ይወርዳል።

«ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ኮከቤ» አለቻት። «እኔም ጠረኑ መሮኝ፣ ያልሽኝም ልቤ ውስጥ ገብቶ፣ ከነገ ጀምሮ ልተወው ቆርጬ ነበር። እግዜር ይስጥሽ፤ ጥርጣሬዬን አቃጠልሽልኝ።»

ወደ ምንጩም ተመልሳ ጎንበስ አለች፤ ጣሳዋን እስከ አፉ ሞልታ ጠጣች።