ማንም ያልጠፋበት ጥናት

ዶክተር ይድነቃቸው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያው፣ ከቁርስ በኋላ፣ እንዲገመግም የተሰጠውን ዐሥራ ሁለተኛውን አጽሕሮተ ጥናት አንብቦ ሳይጨርስ ፊቱ ተኮሳተረ።

ጥናቶቹ የተላኩለት ጉባኤ የሕክምና ዕውቀት ከወረቀት ወርዶ በየጤና ጣቢያው እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል የሚመክር ነው። ወደዚያ የሚላክ ጥናት ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ገጽ ተጨምቆ፣ የአጥኚዎቹ ስም ተሸፍኖ ለገምጋሚ ይቀርባል። ይህኛው ከወሊድ በኋላ የደም ግፊት ስላደረባቸው ሁለት መቶ አርባ እናቶች ይናገራል፤ ነርሶች ስድስት ወር ሙሉ በስልክ ተከታትለዋቸው፣ አንዲትም ሳትቀር ሁሉም ድነዋል ይላል።

«አንዲትም ሳትቀር!» አለ ለብቻው። በስድስት ወር ውስጥ ስልኳ የሚጠፋባት፣ አገር የምትለቅ፣ ክፉም የሚያገኛት እንዴት አንዲት እንኳ ትታጣለች? ይህማ ተረት ነው። ከዐሥር ዜሮ ሰጠው፤ ከሥሩም፣ «አጥኚዎቹ የቆሙት ለጭብጨባ ነው፤ ኀላፊያቸው ሊጠየቅ ይገባል» ብሎ ጽፎ ላከ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሂዳያ ደወለች። ሂዳያ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ የጉባኤው ጸሐፊ ናት።

«ዶክተር፣ እየፈተኑን ነው እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የራስዎን ሥራ ለራስዎ መላክ አልነበረብንም። አጥኚው ባንታየሁ ነው፤ በኀላፊነት የተመዘገቡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ይድነቃቸው ክው አለ። ከወንበሩ ተነሣ፤ ለምን እንደ ተነሣ ግን አላወቀም።

«አይጨነቁ፤ ለሌላ ገምጋሚ እናዞረዋለን። ማንም አይሰማም።»

«ትንሽ ታገሺኝ» ብሎ ዘጋው።

ባንታየሁ ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር ባለው የይድነቃቸው ቢሮ የሚሠራ ረዳቱ ነው፤ ይድነቃቸው ወዲያው ደወለለት።

«ሁሉም ድነዋል ያልኸው እውነት ነው?»

«ልኬልዎት ነበር እኮ፣ ዶክተር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ‹ይሁን› ብለው መለሱልኝ።»

እውነት ነበር። ይድነቃቸው ለበታቾቹ ጽሑፍ ስሙን እንጂ ዐይኑን አያውስም።

«የጠየቅሁህን መልስ!»

«አርባ አንዱ ጠፍተዋል። ከነርሱም ሁለቱ... ሞተዋል ተብሏል።»

«አንተ ሰው! ሙት ደብቀህ ነው ጥናት የምትልከው?»

«‹ሰው የጠፋበት ጥናት ይዛችሁ ፊቴ እንዳትቀርቡ› ያለን ማን ነው? ባልደረባችንን ቶማስን በሁላችን ፊት እንዲያ ብለው አይደል ያባረሩት?»

እውነትም ይድነቃቸው እንዲያ ብሎ ነበር። እንደ ምግባር ቈጥሮት፣ ኮርቶበትም ነበር።

ለሂዳያ መልሶ ደወለ። «ለማንም አታዙሪው። ዜሮው ይጽና፤ ኀላፊው ይጠየቅ ያልሁትም እንዳለ ይቀመጥ። እኔንም ከገምጋሚነት ሰርዢኝ።»

«ወይኔ ዶክተር! ይህ ከወጣ እኮ ሥራዎም አብሮ ይሄዳል!»

«ይሂድ።»

ከዚያም ለባንታየሁ መልሶ ደውሎ፣ «የአርባ አንዱን እናቶች ስምና ስልክ ላክልኝ፤ አንድ በአንድ እንፈልጋቸዋለን» አለው።





«የሉም፣ ዶክተር። ቍጥሩ እንዲሞላ ከመዝገቡ አውጥቼ በሌሎች ተክቻቸዋለሁ። የሞቱትንም ጭምር።»

«ስማቸው ማን ነበር?»

«አላስታውስም።»

ሁለት ሴቶች ሞተው፣ ሞታቸውም እንደ ስሕተት ታርሞ ነበር። ይድነቃቸው የመኪናውን ቍልፍ አነሣ።

«ነርሶቹ አይረሷቸውም» አለ። «ሄደን እንጠይቃቸዋለን። መኪናውን ይዤ እየመጣሁ ነው፤ ውጣና በር ላይ ጠብቀኝ።»