ጋሽ ሃይደር የጨፈሩበት ቅዳሜ

ጋሽ ሃይደር ጡረታ የወጡ የላምበረት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ደረታቸው ውስጥ የልብ ምት የሚያስተካክል ፔስሜከር ከተገጠመላቸው ወዲህ፣ እንዳይበላሽ ፈርተው ደረጃ እንኳ አይወጡም ነበር። በልጃቸው ሠርግ ግን ዘፈኑ ሲደምቅ ራሳቸውን ረስተው ጨፈሩ። ከዚያ በኋላ በስጋት እንቅልፍ አጡ።

ሩዋንዳ ሰፈር ባለው የልብ ክሊኒክ ለምርመራ ሲቀርቡ፣ ሐኪሟ የመሣሪያውን መረጃ አይታ፣ "ቅዳሜ ምን ሲያደርጉ ነበር?" አለቻቸው።

"እየጨፈርኩ ነበር፤ አበላሸሁት እንዴ?" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

"ኧረ በፍጹም! ሲንቀሳቀሱ ምቱን ጨምሮልዎታል፤ ሥራው እኮ ነው። አሁን በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ ካዞረዎት ብቻ ያርፉ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ሳጂዳ።

እስከ ወሎ ሰፈር ቤታቸው በእግር ተመለሱ። ሳጂዳ ከኋላ፣ "ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!" ሲሉ፣ ጋሽ ሃይደር እየሳቁ ጠበቋቸው።