የስልከኛዋ ኮት እና ቀዩ መስመር

በዚያ መንገድ ላይ፣ ምናልባትም በምድር ላይ፣ እንደ ልብስ ሰፊው የሚጸልይ ሰው አልነበረም። ድምፁን ሲያነሳ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ማዶ ባለው ዳቦ ቤት ሊጡ ያለ እርሾ ኩፍ ይላል፤ ሦስት በር አልፎ ያለው የጥርስ ሐኪም በሽተኛውን ሳያደነዝዝ ጥርስ ይነቅላል። አንድ ሰዓት ጸልዮ ሲነሳ «ቀኑን ሙሉ ጸለይኩ» ይላል፤ ቀኑን ሙሉ የጸለየ ዕለትማ ዘመን ይቆጥራል። «መቶ እጥፍ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። እሱም እንደ ሹመት ተቀብሎት ኖረ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ላለፉት ዘጠኝ ወራት «አባታችን ሆይ»ን መጨረስ ያቃተው።

ይጀምራል። እስከ ዕለት እንጀራው ድረስ ያለ እንቅፋት ይሄዳል። በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላው፣ ያለቁ ልብሶች ከተሰቀሉበት ዘንግ በኩል፣ አንዲት ሴት ትስላለች። ጮክ ብላ አይደለም። ድምፁ የታፈነ ነው፤ አፏን ለስላሳ ነገር ውስጥ እንደቀበረች፣ ሰው እንዳይሰማት እንደፈራች፣ አንዴ ብቻ። ዞር ይላል። ዘንጉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የሴት ኮት ተሰቅሏል። ከዚያ በቀር ማንም የለም።

ኮቱ የስልከኛዋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዎቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ይጠረጋል፣ የጸሎቱ ሠራዊት ይሰበሰባል። ሠራዊት ማለት ስምንት ሰው ነው፤ ስምንት ሰው ግን እዚያ ጠባብ ስፌት ቤት ውስጥ ሲጮኽ ስምንት ሺህ ነው። መሪያቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ አርባ ዓመት የልጆች ደብተር ሲያርሙ ስለኖሩ፣ ከፈጣሪ ጋር ሲነጋገሩ እንኳ አራት ነጥብ አይረሱም።

የጸሎት ደብተር አላቸው፤ ሽፋኑ ጥቁር። የታመመ፣ የተጨነቀ፣ የተጣላ ሰው ከነችግሩ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ ረቡዕ በመጣ ቁጥር እየተጠራ ይጸለይለታል። የዳነ እንደሆነ ወሬውን መጀመሪያ የሰማው ሰው በቀይ እርሳስ ስሙ ላይ መስመር ያሰምራል። ከዚያ ወዲያ ያ ስም ለምስጋና እንጂ ለልመና አይጠራም። «ይህን ማን አሰመረው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል።

ደብተሩን የሚያስቀምጠው መቶ እጥፍ ነው። የሥራ ትእዛዝ የሚመዘግብበት ሌላ ጥቁር ደብተርም አለው፤ ሁለቱን ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ነው የገዛቸው። የጸሎቱ ከመኪናው በስተግራ፣ የሥራው በስተቀኝ ይቀመጣል። ልብስ ተሰፍቶ ሲያልቅም በባለቤቱ ስም ላይ መስመር ያሰምራል፤ በዚያው በቀዩ እርሳስ። መነጽር ደግሞ አያደርግም።

«እኔ?» ይላል ሚስቱ ስትጨቀጭቀው፣ «የኔ ዓይን እኮ በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፈውን ግመል ከነሻኛው ያያል!»

«ግመሉንስ ታያለህ። የሚጠፋህ መርፌው ነው» ትለዋለች።

ስልከኛዋ፣ ሃያ ዓመት በስልክ ቤት የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ በሁለቱም ደብተር ላይ ነበረች። በግራው «ስልከኛዋ፦ ሳል»፤ በቀኙ «ስልከኛዋ፦ ኮት፣ ጥቁር ሰማያዊ»። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው የኮቱን የመጨረሻ ቁልፍ ተከለ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ እንዲህ ያለ ኮት ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ ተሰፍቶ እንደማያውቅ ለራሱ መሰከረ፤ ከዚያም ደብተሩን ሳብ አድርጎ አሰመረ።

የሳበው በግራ እጁ ነበር።

በማግስቱ መምህርቷ ስሞቹን እየጠሩ መጥተው ቆም አሉ። ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳረፉ።

«ስልከኛዋ… ተሰምሮባታል!»

ቤቱ ፈነዳ። በአካባቢው ያሉ ውሾች ሁሉ ጮኹ ማለት ይቻላል። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ሽማግሌ ቆቡን ወደ ጣሪያ ወረወረ። ከዚያ ሰባቱም ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ።

«አንተ ጋ ነው ደብተሩ የሚያድረው!» አለ ሹፌሩ። «ንገረና! ምን አየህ?»

አፉን የከፈተው «ተሳስቼ ነው» ሊል ነበር፤ ለዚህ ፈጣሪ ምስክሩ ነው። ግን በደስታ የራሱ ሰባት ፊቶች አፍ አፉን ሲያዩት ሌላ ቃል ቀድሞት ወጣ።

«ትናንት ደረጃ ስትወጣ አየኋት። አንዴም ሳትስል።»

«ስንት ፎቅ?»

«ሦስት።»

በሚቀጥለው ረቡዕ አምስት ፎቅ ሆነ። በሦስተኛው ረቡዕ ሰባት ደረሰ፤ ሰባት ፎቅ ያለው ሕንፃ ግን በከተማው ውስጥ አልነበረም። ምሥራቹን ለስልከኛዋ ቤቷ ድረስ የወሰዱላት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ የሳንባዋን ነገር ቁርጡን ነግሯት ነበር፤ መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። በአምስተኛው ሳምንት፣ ኮቷን ሳትወስድ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ረቡዕ መምህርቷ ደብተሩን ሳይገልጡ ተቀመጡ። «ይህን እንዴት እንረዳዋለን?» አሉ። «ዳነች ብለን አመስግነናል።»

ልብስ ሰፊው የዚያን ጊዜም መናገር ይችል ነበር። ተነሥቶ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ የዳነውን ሰው አወጣ፤ ጌታ በኋላ በመቅደስ አግኝቶት ዳግም እንዳይበድል፣ የባሰ እንዳይደርስበት እንዳስጠነቀቀው። «ፈውሱ ተሰጥቶ ነበር» አለ በዚያ መስታወት በሚያንቀጠቅጥ ድምፁ። «ነገር ግን እቤት ውስጥ አንድ ነገር ነበር። ይቅርታ የጎደለበት ነገር። የተሰጠው ተመልሶ ተወሰደ!» አንድ ሰዓት ተናገረ። እንደዚያ ያለ ትርጓሜ በነቢያት ዘመን እንኳ አልተሰማም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በሩ አጠገብ ጥቁር የለበሰች ወጣት ተቀምጣ እንደነበር ያየው፣ ቀስ ብላ ተነሥታ ስትወጣ ነው።

የስልከኛዋ ልጅ ነበረች። ሳሉ የጀመረው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ኮቱን ከዘንጉ አውርዶ ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ ከሣጥኑ ሳለ። ለሚስቱ ሰጥቶ ወደ ቤት ላከው፤ ሚስቱ በሦስተኛው ቀን መልሳ አመጣችው። «ቁልፎቹን ዘግቼ እሰቅለዋለሁ፣ ተከፍተው አገኛቸዋለሁ» አለች። «አየር እንዳጠራት ሴት። ምን አድርገህ ነው የሰፋኸው አንተ ሰው?» ከዚያ ወዲያ ዘንጉ ላይ ተወው። ሰው የሌለ ጊዜ ለኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ አይቀመጥም።

ዘጠነኛው ወር ላይ፣ በአንድ ረቡዕ፣ ሰዎቹ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ልጅቷ በሩን ገፍታ ገባች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። የእማዬን ኮት ፈልጌ ነው።»

«እሰይ የኔ እናት! እሰይ!» ደስታው ልክ አልነበረውም። «ጠብቆሻል እኮ። ትከሻው ይሰፋሽ ይሆናል፣ በአምስት ደቂቃ ነው የማጠብልሽ፣ በሦስት…»

«ልለብሰው አይደለም። ይቅደዱልኝ። መወልወያም ይሁን፣ ምንም ይሁን። እንደ ኮት ሆኖ ማየት አልፈልግም።»

«ለምን ሆድዬ?»

ልጅቷ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«ያን ጊዜ እቤት ውስጥ ነበር ያሉት ነገር… እኔ ነኝ ጋሼ። ድነሻል ተብሎ መጡና ነገሯት። እሷም ደስ ብሏት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ግን ትስላለች። ቀን ትስላለች፣ ማታ ትስላለች። አንድ ቀን ታከተኝና፣ ተመስግኖልሽ የለም እንዴ፣ አሁን የምትስይው አውቀሽ ነው፣ እኔን እቤት ለማሰር ነው አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትስል አፏን በትራስ እያፈነች ነው።»

ልብስ ሰፊው የያዘው መቀስ ከበደው።

«በትራስ?»

«በትራስ። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። ይቅር በይኝ ሳልላት ሞተች። እግዚአብሔር ሰጥቶን ነበር፣ እኔ አስወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ አልጸለይኩም። ልጸልይ ስል፣ ይሰጠኝና መልሶ ይወስድብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

«አይ፣ አይ፣ እሱ እኮ መሐሪ ነው! ሺህ ጊዜ፣ ምን ሺህ፣ እልፍ ጊዜ…»

«የባሰ ይመጣል ያሉት እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለች፤ ቁጣም አልነበረበትም። «ይቅደዱልኝ በቃ።»

ኮቱን አወረደ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ የመቀሱን አፍ ከፍቶ አንገትጌው ላይ አደረገ። አንዴ ከቆረጠ ቀደደው ማለት ነው፤ ልጅቷ ሄደች ማለት ነው፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እጁን ጨበጥ ሊያደርግ ሲል ከእጁ ሥር፣ ከገበሩ ውስጥ፣ ያ የታፈነ ድምፅ አንዴ ሳለ።

ልጅቷ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም።

«ማን ነው?»

ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ድምፁን የሰማው እሱ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ጆሮዬ ነው እያለ ኖሯል። መቀሱን አስቀመጠ። ሁለቱን ጥቁር ደብተሮች አምጥቶ ከኮቱ ጎን ገለጣቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ነገር ከሆነው ነገር ጋር እኩል ሆነ።

«ማክሰኞ ዕለት ኮቱን ጨረስኩ። እዚህ ማስመር ነበረብኝ። እዚያ አሰመርኩ። ዓይኔ ደክሟል፣ መነጽር አላደርግም። ረቡዕ ሲያመሰግኑ አውቄያለሁ፤ ዝም አልኩ።»

ልጅቷ በግራው ደብተር ላይ ያለውን መስመር በጣቷ ነካችው። ከዚያ የቀኙን አየች፤ የኮቱ ትእዛዝ እስከ ዛሬ ሳይሰመርበት ቁጭ ብሏል።

«ደረጃውስ?»

«ደረጃ የለም።»

«ሦስቱም ፎቅ?»

«አንድም ፎቅ የለም።»

«ያ ትምህርትስ? የተወሰደው?»

«እንዳይታወቅብኝ ነው። ፈርቼ ነው።»

ሳቅ መሰል ነገር ከአፏ ወጣ፣ መሀል ላይ ተሰበረ። «አልዳነችም ነበራ» አለች። «አልተሰጠንም፤ አልተወሰደብንም። ታማ ነበር። በቃ፣ እናቴ ታማ ነበር።» ጋዋኗን ይዛ ቁጭ አለች፤ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። እሱ መሬቱ ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅና ክር መሀል ተንበርክኮ «ይቅር በይኝ ልጄ» አለ፤ አንዴ ብቻ፣ ሳያበዛ።

«በትራስ ያሳልናት ሁለታችን ነን» አለች በመጨረሻ። «እኔ እንዴት አድርጌ ነው አሁን ይቅር የምልዎት? ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«አሁን፣ አሥራ አንድ ላይ።»

«ያኔ በቆሙበት ቆመው ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

ቆመ። ነገራቸው። ዝምታው መርፌ ቢወድቅ እንደ መድፍ የሚጮኽበት ዓይነት ነበር። ሹፌሩ ብቻ ቆቡን በእጁ እያዞረ «ሰባቱም ፎቅ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሰባቱም።»

መምህርቷ መጽሐፉን ገልጠው ከመጠመቂያው ታሪክ አራት ምዕራፍ ወደ ፊት ሄዱ፤ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው፣ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት ተብሎ ሲጠየቅ፣ እሱም እነሱም አይደሉም የተባለበት ላይ። አንብበው ሲጨርሱ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ያን ቀን ይህን ማንበብ የኔ ድርሻ ነበር ልጄ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ንግግሩ ስለማረከኝ ዝም አልኩ። እኔንም ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ የጸሎቱን ደብተር ወደ ራሷ ስባ ከእናቷ ስም ዝቅ ብላ «ልብስ ሰፊው፦» ብላ ጻፈች፣ እዚያ ላይ ቆመች።

«ምን ልበል? ፈውስ ወይስ ይቅርታ?»

«በጣሪያ ለወረደው ሽባ መጀመሪያ የተነገረው ይቅርታው ነው» አሉ መምህርቷ። «አልጋውን የተሸከመው ኋላ ነው። በዚያው ቅደም ተከተል ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ እጇን ወደ ልብስ ሰፊው ዘረጋች። «ቀዩን እርሳስ።»

ሰጣት። ኮቱን ከጠረጴዛው አንስታ በጋዋኗ ላይ ደረበችው፤ ትከሻው ሰፍቷታል። ሊያጠብላት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አለች። እርሳሱን ኪሷ ከተተች።

«መስመሩን የማሰምረው እኔ ነኝ» አለች። «መቼ እንደሆነ ግን አይጠይቁኝ።»

ሳሉ ከኮቱ ጋር ሄደ ይላል መቶ እጥፍ፣ ሚስቱ ስትጠይቀው። ማጋነኑ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ኮቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ልጅቷ ለብሳው በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ አንድ እጇን ከኪሷ አታወጣም። መነጽር ገዝቷል፤ ሰዎቹ ሳይመጡ ደብተሩን ገልጦ ስሙን ያያል፤ ስሙ አለ፣ መስመር የለም። ከዚያ ሁሉም ቆመው «አባታችን ሆይ» ይላሉ። እሱ የተለመደው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቆማል፣ ጆሮው ወደ በሩ ይሄዳል፤ ድምፁም አይቀርም፣ አንዴ፣ እንደታፈነ። ግን ከሳሉ ቀጥሎ አሁን ሌላ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ናት፤ ዝግ ብላ፣ በደላችንን ይቅር በለን ብላ፣ ሳትቆም ታልፋለች። እሱም አንድ ቃል ወደ ኋላ ቀርቶ፣ መስታወት በማያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ ይከተላታል።