ጡሩምባ ያለ ማይክ

መናኸሪያው ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ሹፌሩም፣ ተሳፋሪውም፣ ወለል ጠራጊዋም «ጡሩምባ» ነው የሚሉኝ። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ከስምሪት ክፍሉ ጠባብ መስኮት ጀርባ ቁጭ ብዬ ማይኩን ሳበራ፣ እንቅልፍ የጣለው ሁሉ ብድግ ይላል።

«ማዶዎች! የወንዝ ማዶ ሰዎች! ኧረ ተነሱ፣ መኪናው ጥሏችሁ ሊሄድ ነው! አንቺ ልጅ ያዘልሽ፣ ቀስ በይ የኔ እናት፣ ቦታ አለሽ። አንተ ባለ ፍራሹ፣ እሱን ጣሪያ ላይ!»

አዲሱ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«እህቴ፣ እዚህ እኮ ገበያ አይደለም» ብሎ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ክቡራን ደንበኞቻችን» ብሎ ይጀምራል። አርብ የድርጅቱ ባለቤቶች መጥተው ሊያዳምጡኝ ነው። ወረቀቱን እንዳለ ካላነበብኩ፣ በእኔ ቦታ የተቀዳ ድምፅ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ዕቃ ክፍል።

እልኸኛ ነኝ። ማይኬን ለማንም አልለቅም ብዬ ልምምድ ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ሳይቀር ድምፄን አቅጥኜ፣ አፌን ሰብሰብ አድርጌ ማውራት ያዝኩ። ባሌ መሳቂያ አደረገኝ።

«ክብርት ሆይ፣ ጨዉን ቢያቀብሉን ምን ይመስልዎታል?» ይለኛል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ልምምዱን ግን አላቆምኩም።

ሐሙስ ከሰዓት እናቴ ደወለች። ወረቀቱን እያነበብኩ ስለነበር በዚያው በቀጭኑ ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኳት።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ተሳስቼ ነው። ልጄ ጋ የደወልኩ መስሎኝ» አለችና ዘጋችው።

ድምፄን አላወቀችውም። እናቴ ሽንኩርት ተሸክማ በየሰፈሩ እየተጣራች ሸጣ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ከበብ አድርጋ ስትጣራ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ይሰማታል። እኔም መጣራት የተማርኩት ኋላ ኋላዋ እየተከተልኩ ነው። እሷ ደግሞ እኔን፣ የገዛ ልጇን፣ «እመቤቴ» አለችኝ! መልሼ ደውዬ «እማ፣ እኔ ነኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው፣ አሞሽ ነበር?» አለችኝ።

አርብ ባለቤቶቹ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ከጀርባዬ ተቀመጡ። ወረቀቱን አነበብኩ። «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ወደ ወንዝ ማዶ የሚጓዘው አውቶቡስ ለጉዞ ዝግጁ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።» ንቅንቅ ያለ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «ይሄን ራዲዮ ቀንሱልን እስቲ» አሉ። ሹፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። አውቶቡሱ ባዶውን ቆሟል። የእናቴ «ተሳስቼ ነው» ጆሮዬ ላይ አቃጨለብኝ። ወረቀቱን በጀርባው ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ማዶዎች! እናንተን እኮ ነው! ምን ትጎለታላችሁ?»

አዳራሹ በአንዴ ተነሳ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ፈልገው ሲያጡት፣ «አባባ፣ ከወንበሩ ሥር ነው!» አልኳቸው። ባለቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ወጡ።

«አዋረድሽኝ!» አለኝ ኃላፊው፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

«ጌታዬ፣ እኔ ሌላ አፍ የለኝም» አልኩት።

ሰኞ ዕቃ ክፍል ገባሁ። አልዋሽም፣ በግኛለሁ። ሻንጣ እየደረደርኩ ሳለ የተቀዳችው ሴት ከጣሪያው «ክቡራን ደንበኞቻችን» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋስ ያምራል፣ ምን እላለሁ። በበሩ አጮልቄ ሳይ ሰዉ ተቀምጦ ወሬውን ይጠርቃል። ማዶ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሊንቀሳቀስ ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ልጅ ያዘለች፣ ወደ እኔ በር ዞር አለች።

«ጡሩምባ፣ የማንን መኪና ነው የጠሩት?»

ሌሎቹም ወደ እኔ ዞሩ። ኃላፊው ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሆኖ «ግቢ!» እያለ በእጁ ያሳየኛል። አየሁት፤ እንዳላየ ሆንኩ። ሻንጣውን አስቀምጬ ደጃፉ ላይ ቆምኩና ሁለት እጆቼን እንደ እናቴ አፌ ላይ ከበብ አደረግኩ።

«ማዶዎች!»

ሰዉ ሁሉ ዕቃውን እያነሳ ተነሳ።